እስከዚያው እንታገስ

ሰፈሩ የጣናን ማዕበል እየሰማ ከቧንቧው ውኃ ካየ ወራት አልፈውታል። የሰፈሩ የውኃ ኮሚቴ ግን አልቸኮለም። ምን ያስቸኩለዋል? አባላቱ ሁሉ በየግቢያቸው ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ሞተር ተክለው ተቀምጠዋል። ዛሬም ሰብሳቢው አቶ ምናሴ ቤት ተገናኝተው ለውኃ ቢሮው የሚወስዱትን የሰፈሩን አቤቱታ ለሌላ ጊዜ አሳደሩት። «ሕዝቡ ትንሽ ይታገስ» ተባለ።

የምናሴ ሚስት ባንቺአየሁ ይህችን «ይታገስ» ከጓዳ ስትሰማ ደሟ ፈላ። ጎረቤቷ እማሆይ ወለተ ኪዳን በዚያ ዕድሜያቸው ከሐይቁ ጀሪካን አዝለው ሲመለሱ ጠዋት በዓይኗ አይታለች።

ለእንግዶቹ የዓሣ ወጡን አቀረበችና ወደ ጓሮ ወጣች። የጓሮውን በር ከፍታ የሰፈሩን ሴቶች ጠራች፤ የግቢውን የውኃ ሮቶም እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አስቀዳቻቸው። ከዚያ የሞተሩን ክፍል ቆልፋ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው።

እንግዶቹ በልተው ሲያበቁ እንደ ወጉ እጃቸውን ዘርግተው አስታጣቢ ጠበቁ። ባንቺአየሁ ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች፤ ጆጉን ብትዘቀዝቀው ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ሞተሩ ተበላሸ እንዴ?» አለ ምናሴ፣ ወጥ የነካ እጁን ከነጭ ሸሚዙ እያራቀ።

«ሞተሩስ ደህና ነው፤ እኔ ነኝ የቆለፍሁት። የሰፈሩ ቧንቧ እስኪመጣ እኛም ትንሽ እንታገስ።»

እንግዶቹ እጃቸውን አንጠልጥለው ተያዩ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገና «እሺ፣ ታጥበን አቤቱታውን ዛሬውኑ እንወስዳለን» አለ።

«እንዲሁ እንዳላችሁ ሂዱ» አለች ባንቺአየሁ፣ በሩን ወለል አድርጋ እየከፈተች። «ውኃ ቢሮው ቧንቧ አለው፤ እዚያው ትታጠባላችሁ።»