የሦስት ትውልድ ትኬት

«አያትየዋ የት አሉ? በአካል ካልታዩ ቅናሹ አይሠራም» አለ ትኬት ሻጩ፣ ከመስታወቱ ጀርባ አንገቱን አስግጎ።

ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ እናቷን በእጇ ጠራች። እናቷ ከሰልፉ ወጣ ብለው፣ የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው የፓርኩ በር ላይ የተሳሉትን እንስሳት ያሳዩዋት ነበር። ልጅቷን ቤተሰቡ ሁሉ ድንቡሼ ነው የሚላት፤ ስሙን ያወጣላት ጉንጯ ነው።

«እማዬ፣ መታወቂያሽን ይዘሻል አይደል?»

«ለምኑ?»

«ለትኬቱ ነው። ዝም ብለሽ አሳዪው።»

እናትየው ቦርሳቸውን ከፍተው መታወቂያውን በመስኮቱ አሾለኩ። ሻጩ የልደት ዘመኑን አየና ፈገግ አለ።

«እንኳን መጡ እናቴ! እርስዎ ባይኖሩ እነዚህ ሰዎች ኪሳቸው ተራግፎ ነበር» አለና አምስት የወረቀት አምባሮችና አንድ ረዘም ያለ ትኬት አወጣ። ልብስ ሰፊዋ ልትቀበል እጇን ብትዘረጋም እናቷ ቀደሟት።

እናትየው ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማ አውቶብስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ትኬት እጃቸው ከገባ ፊቱንም ጀርባውንም ሳያነቡ አይለቁም። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል «የሦስት ትውልድ ረቡዕ። ወላጆችና ልጆች ከአያት ጋር ሲመጡ ብቻ መላው ቤተሰብ በግማሽ ዋጋ» ይላል። ጣታቸው «ብቻ» የሚለው ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ትኬቱን አጥፈው ለልጃቸው ሰጡ።

«ጥሩ ትኬት ነው» አሉ።

የጠራቻቸው እሑድ ዕለት በስልክ ነበር። «ረቡዕ ልጆቹን ፓርክ ልንወስዳቸው ነው፤ አንቺም ነይ» ስትላቸው እናቷ «እኔንም?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ከተገናኙ ስምንት ወር ሆኗቸው ነበር። የሚኖሩት በከተማው ሌላ ጫፍ፣ በሁለት አውቶብስ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ሰማያዊ ኮታቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ከሁሉም ቀድመው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ፀጉሩን አይታለች። አይታም በቀጥታ ወደ ትኬቱ ሰልፍ አለፈች።

ክፉ ሴት አይደለችም። የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ወርክሾፕ በቁራጭ እየተከፈላት ትሠራለች፤ ለልጆቹ «ፓርክ እወስዳችኋለሁ» ካለች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። ስለዚህ አስልታ ነው የመጣችው። ውስጥ አንድ ዳቦ በሦስት እጥፍ ዋጋ ስለሚሸጥ ዳቦ በእንቁላል ከቤት ጠቀለለች። ውኃ በጠርሙስ ሞላች። የዕቃ ማስቀመጫው ሳጥንም ይከፈልበታል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ከቦርሳዎቹ ጋር መቀመጥ ነበረበት። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ለማንም ሳትናገር ወስናለች።

«እማዬ፣ አንቺ እዚህ ጥላው ላይ አረፍ በይ» አለቻቸው አንድ አግዳሚ ወንበር እያሳየች። «ዕቃውንም እያየሽልን።»

«እሺ» አሉ እናትየው።

«እምዬ እኮ አምባር አድርጋለች፤ ሁሉንም መጫወት ትችላለች» አለ የአሥር ዓመቱ ልጅ። መነጽር ስለሚያደርግና ሰው ስለሚያርም ፕሮፌሰሩ ይሉታል።

«እምዬ ይደክማታል።»

«ጠይቀሻታል?»

አባቱ ሳቀና ትከሻውን ይዞ ወሰደው። የሊፍት ጠጋኝ ነው። እሱም በበኩሉ ገና ከበሩ «እኔ ከፍታ ላይ ለመውጣት ይከፈለኛል እንጂ አልከፍልም» ብሎ፣ ልጆቹን ከማጀብ በቀር ምንም ላይ እንደማይወጣ አስታውቋል።

እስከ ምሳ ድረስ ልጆቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ሮጡ። ሲመለሱ እናትየው ቦርሳዎቹን በቁመታቸው ደርድረው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ትተዋቸው እንደሄዱ ቁጭ ብለው አገኟቸው። እናትየው ዳቦውን አከፋፈሉ። የራሳቸውን ድርሻ አልነኩም።

«ምነው አትበዪም?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ዘበኛ በሥራ ሰዓት አይበላም።»

ሊፍት ጠጋኙ ሳቀ፤ የሚስቱን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ድንቡሼ ውኃ ጠማኝ አለች። ወደ አግዳሚው ሲመለሱ ከቦርሳዎቹ አጠገብ የተቀመጠችው ሕፃን ያቀፈች የማያውቋት ሴት ነበረች።

«ዕቃውን አደራ ብለውኝ ሄዱ» አለች። «ከሄዱ ቆይተዋል።»

«ወዴት?»

ሴትየዋ አገጯን ወደ ላይ ቀና አደረገች። ከዛፎቹ በላይ ሰው በሳጥን በሳጥን ተቀምጦ የሚዞርበት ትልቁ ጎማ ይታያል። ልብስ ሰፊዋ ልጆቹን ለባሏ ትታ ሮጠች። እናቷን በወጣቶች መካከል ተሰልፈው፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው አገኘቻቸው።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው? ደነገጥኩ እኮ!»

«ወረፋዬን እየጠበቅኩ ነዋ።»

«ደም ግፊትሽስ? ሐኪሙ ምን ነበር ያለሽ?»

«ጨው ቀንሺ አለኝ። ስለ ጎማ ያነሣው ነገር የለም።»

ከኋላቸው ያሉት ወጣቶች ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ተቀይመሽኛል?»

«ስድስት መቶ» አሉ እናቷ። «ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እኔ ባልኖር ለአራታችሁ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ትከፍሉ ነበር። አሁን ለአምስታችን አንድ ሺህ። ለልጆችሽ ብለሽ ብትቆጥቢ ምን ክፋት አለው? ብትነግሪኝ ሮጬ ነበር የምመጣው። እኔ ግን ናፍቄሽ መስሎኝ ፀጉሬን ተሠራሁ።»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ አብረው ተራመዱ። ልብስ ሰፊዋ ልውጣ አልውጣ ሳትወስን ደረጃው ላይ ደርሰው ነበር።

«ሁለት ሁለት ሆናችሁ!» አለ ጎማውን የሚያስነሳው ሰውዬ። «እናቴ፣ ከማን ጋር ነዎት?»

እናትየው ወደ ልጃቸው ዞር አሉ።

«ከእኔ ጋር ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከፍታ አትወድም። ሳጥኑ ሲነሣ ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች፤ ዓይኗንም ጨፈነች። ስትገልጠው ከተማው ከእግራቸው ሥር ነበር፤ እናቷም በጣታቸው መንገድ እየተከተሉ ነበር።

«ያውልሽ፣ ከድልድዩ ጋ ነበር በአውቶብሱ የምንዞረው። ከዚያ በገበያው፣ ከዚያ ሽቅብ። አንቺ ከወንበሬ ሥር ነበርሽ።»

«ከወንበር ሥር?»

«ሞግዚት የምቀጥርበት አልነበረኝም። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ወደ ሥር እገፋሽ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በነፃ ተሳፍረሻል። ስታስነጥሺ እኔ እስል ነበር፣ እንዳይሰማ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቅ አመለጣት። ሁለተኛውን ዙር ዓይኗን ሳትጨፍን ዞረች።

ማምሻውን ሁሉም በአንድ አውቶብስ ተሳፈሩ። ድንቡሼ አያቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ፕሮፌሰሩ ለአባቱ የጎማውን ከፍታ በፎቅ ቁጥር ያስረዳዋል። የልብስ ሰፊዋ ስልክ ጮኸ። መልእክቱ ከወርክሾፑ ኃላፊ ነው፦ «ቅዳሜ ትርፍ ሥራ አለ፣ ክፍያው ድርብ ነው። ትገቢያለሽ? ቶሎ አሳውቂኝ።» ከስንት ወር አንዴ የሚገኝ ዕድል ነው፤ እሷ ካልገባች ሌላ ሰው ይገባበታል።

ሁለቴ አነበበችው።

«ቅዳሜ ቤት ነሽ?» አለች እናቷን።

«የት እሄዳለሁ?»

«ልመጣ ነው።»

«ልጆቹን የምትተዪበት አጥተሽ ነው?»

«ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ይውላሉ። ብቻዬን ነኝ።»

እናትየው ቀና ብለው አዩዋት። «ምን ልታደርጊ?»

«እንዲሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ስልኩ ላይ «አልገባም» ብላ ጻፈችና ላከችው።