ሳ የማይባልበት ቤት

«ካስማውን ልቀቂ፣ ሀሊማ» አሉ አቶ ዳኘ።

«አልለቅም።»

«ልጄ፣ ሕጉን ከቤቴ አላመጣሁትም። የእድሩ ነው።»

ሀሊማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የድንኳኑን ካስማ በሁለት እጇ ይዛለች። ገመድ ሊፈቱ የመጡት ሁለት የእድር ሰዎች አንዴ እሷን አንዴ ሊቀመንበሩን ያያሉ። አባቷ ትናንት ነው የተቀበረው። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ለቀስተኞች የሻይ ብርጭቋቸውን እንደጨበጡ ወደ እሷ ዞሩ። የመምህርት ሀሊማን እልህ ትምህርት ቤት ያውቁት ነበር እንጂ ለቅሶ ቤት አይተውት አያውቁም።

እድሩ ከሆሳዕና እድሮች ሁሉ የቆየው ነው። እስላሙም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ኦርቶዶክሱም በአንድ ቃሬዛ ይሸኙበታል። ሕጉ ላይ ግን አንዲት አንቀጽ አለች፤ አባት አያቱ ለሚታወቅ ሰው ድንኳን ሦስት ቀን ይተከላል፣ ለእንግዳ አንድ ቀን። አንቀጿ የወጣችው መንገድ ላይ ታመው እዚህ ለሚሞቱ ሹፌሮችና ወታደሮች ነበር። የሀሊማ አባት፣ ልብስ ሰፊው ሰይድ፣ ከየመን መጥቶ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማውን ሰው ሱሪ ሲያሳጥርና ሲያስረዝም ኖሯል። የእድሩ መዝገብ ላይ ግን ከስሙ አጠገብ ያን ጊዜ «እንግዳ» ተብሎ ተጻፈ፤ እንደተጻፈም ቀረ። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም። ላርመው ያለም አልነበረም።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሚቆይ እንግዳ የት አገር ነው ያለው፣ ጋሼ ዳኘ?» አለች ሀሊማ። «ይኼን የለበሱትን ኮት ማን ነው የሰፋልዎ?»

አቶ ዳኘ ወደ ኮታቸው አየት አደረጉ። «እሱ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ደግ ሰው ነበር፣ አልካድኩም። ግን ለአንቺ ያጠፍኩትን ሕግ ነገ በማን ላይ አቀናዋለሁ? የአባቱን ስም ንገሪኝ፤ ምስክር አምጪ። መዝገቡን አርሜ ድንኳኑን እተወዋለሁ።»

ሀሊማ ካስማውን ይበልጥ ጨበጠች። የአያቷን ስም አታውቅም ነበር።

«እስከ ነገ እኩለ ቀን» አሉ አቶ ዳኘ፤ ልባቸው ራርቶ። «ከዚያ በላይ እኔንም ይጠይቁኛል።»

የሰይድ መታወቂያ ላይ «ሰይድ አረብ» ይላል። ይህን ታሪክ ራሱ ሰይድ እየሳቀ ሲያወራው የከተማው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። በመጣ በወሩ ማዘጋጃ ቤት ሄደ፤ ጸሐፊው «የአባት ስም?» አለው። ሰይድ አማርኛ ገና አልገባውም፤ ምንድነህ ያለው መስሎት «አረብ» አለ። ጸሐፊው ጻፈው። «ከዚያ ቀን ጀምሮ አረብ የሚባል ሰውዬ ወለደኝ» ይል ነበር ሰይድ። አማርኛውን በኋላ ቢያቀላጥፈውም ሁለት ነገር እስከ መጨረሻው አልሆነለትም። ጰ የሚባል ፊደል አይወጣለትም፣ ሴትንም ሁሉ «አንተ» ይላል። ሚስቱንም፣ ልጁንም፣ ጎረቤቱን ጵርስቅላንም። ጵርስቅላን ደግሞ «ብርስቅላ» ነበር የሚላት።

ሀሊማ ሕፃን ሳለች አንድ ቀን «የአባትህ እውነተኛ ስሙ ማን ነው?» ብላ ጠይቃው ነበር። ሰይድ ጥግ ተቀምጣ እህል የምትለቅመውን ሚስቱን አየና «እናትህ ባለበት ቤት አይጠራም» አላት። ሀሊማ አባትና ልጅ የተጣሉ መሰላት። ሁለተኛ አልጠየቀችም፤ አሁን ያ ያንገበግባት ጀመር።

ከድንኳኑ ተነስታ ወደ ቤት ገባች። እናቷ ነፊሳ ምንጣፍ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«እማ፣ የአባዬ አባት ስሙ ማን ነው?»

ነፊሳ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። «ሌላ ነገር ጠይቂኝ ልጄ።»

«ስሙን ካልነገርሽኝ ድንኳኑ ይነሳል! አባዬ እንደ መንገደኛ በአንድ ቀን ተለቅሶለት ይቅር?»

«ሰማሁ፤ ሰው ነግሮኛል። ይኼን ግን አፌ አያወጣውም።» ዕንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ተቆጪኝ፤ አያወጣውም።»

ሀሊማ ተቆጣች። በእናቷ ላይ እንዲህ የተቆጣችበት ቀን ትዝ አይላትም። ምን ዓይነት ሴት ናት ለባሏ አንዲት ቃል የምትሰስት? ይህን ልትላት ስትል ጵርስቅላ የለቀስተኛ ብርጭቆ በሳፋ ይዛ ገባች።

«ነፊሳ፣ ሳሙናው የት ነው ያለው?»

«አረፋው? ከበሩ ኋላ ነው።»

ጵርስቅላ በሐዘኑ መሃል ፈገግ አለች። «አይ ነፊሳ! ሃያ ዓመት አስተማርኩሽ፣ አሁንም አረፋው?»

የነፊሳ አማርኛ የሰፈሩ ጨዋታ ነበር። ከቦኖሻ ገጠር ስትዳር ቃል ያልያዘች ባላገር ናት ተባለ፤ እንደተባለ ቀረ። ሳሙና አረፋው ነው። ሳር ከብት የሚበላው፣ ሳምንት ስምንት ቀን፣ ሳጥን መክደኛ ያለው ዕቃ። ሀሊማ በዚህ ስታፍር ነው ያደገችው። ጓደኞቿ ፊት እናቷ አፏን በከፈተች ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመኝ ነበር። ቤት ውስጥ ሆን ብላ «ሳሙና! ሳ-ሙ-ና!» እያለች የጮኸችበት ጊዜም አለ።

ከሁሉ የከፋው ግን ባለፈው ዓመት መሠረተ ትምህርት የታወጀ ጊዜ የሆነው ነው። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ፊደል ገበታውን የያዘችው ሀሊማ ናት፤ የፈተናው ኮሚቴ ሰብሳቢ ደግሞ እኒሁ አቶ ዳኘ። የነፊሳ ተራ ደረሰ። ሀ ሁን፣ ለ ሉን፣ ሐ ሑን፣ መ ሙን እንደ ውሃ ጠጣችው። «ሰ፣ ሱ፣ ሲ» አለችና አፏን ግጥም አደረገች። ከዚያ «ሴ፣ ስ፣ ሶ።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «እማ፣ እንደገና» አለች ሀሊማ ፊቷ እየጋለ። ሦስት ጊዜ አስደገመቻት፤ ሦስቱንም ጊዜ ነፊሳ ዘለለች። አቶ ዳኘም «ሰባቱን ስድስት አድርጎ መሃይምነትን ደመሰስኩ ማለት አይቻልም» ብለው ምስክር ወረቀቷን ከለከሏት። ያን ዕለት ማታ ሰይድ ወሬውን ሲሰማ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ የእውነቱን አነባ። በማግስቱም ከሱቁ ምርጥ ጨርቅ ቀሚስ ሰፍቶ አመጣላትና «ይሄ ነው የአንተ ምስክር ወረቀት» አላት። ሀሊማ የዚያ ልቅሶው ነገር አልገባትም ነበር።

አሁን ጵርስቅላ ከበሩ ኋላ ሳሙናውን ስታነሳ ገባት።

ከሰባቱ ፊደላት ውስጥ እናቷ ያልቻለችው አንዲቷን፣ ሳን ብቻ ነው። እነዚያ ሁሉ የማትችላቸው ቃላትም በዚያችው ይጀምራሉ። የቦኖሻ አክስቶቿ ትዝ አሏት። የሀዲያ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃልም ከአፏ አይወጣም፤ ዘወር ብላ ነገሩን በሌላ ስም ትጠራዋለች። ሀሊማ ይህ የገጠር፣ አማቱም ጎረቤት የሆነ ሰው ጣጣ ነው ብላ ታስብ ነበር። ከባሕር ማዶ ላለ፣ አይቷትም ለማያውቅ የመናዊ ሽማግሌ፣ ያውም በአማርኛ፣ ማን ይህን ያደርጋል?

እናቷ ፊት ተንበረከከች።

«እማ፣ አንቺ አትናገሪ። እኔ ልጥራ፤ አንቺ ስሚ ብቻ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሳቢር?»

ነፊሳ ዝም አለች።

«ሳሊም?»

ዝም።

«ሳሊህ?»

ነፊሳ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ሳበችና እንደ አዲስ ሙሽራ አንገቷን ደፋች። ሀሊማ የእናቷን ጉልበት ያዘች።

«ንገሪኝ አልልሽም» አለች በመጨረሻ። «ግን ለምን? ማን ያይሻል? ማን ይሰማሻል?»

«የኒካው ቀን፣ ስንጋባ፣ አባቴ ባሌን የአባቱን ስም ሲያስጠራው ሰማሁ። ሌሎቹ ሙሽሮች አማት ነበራቸው። የኔ ባል ዘመድ የሌለው ነው ሲሉኝ አመመኝ። ዘመድ የለውም? አባት አለው! እኔ ካላከበርኩት ማን ያክብርለት ብዬ ያዝኩት።» ነፊሳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አረቦቹ አገራቸው የገቡ ጊዜ እሱም ትኬት ቆርጦ ነበር፤ ያኔ አንቺ አዋሳ ትማሪያለሽ። ሱቁን ዘግቶ፣ ወንድሞቹ ደብዳቤ ጽፈውለት። ቅር አለኝ፣ ግን አልለመንኩትም። መናኸሪያ ሸኘሁት። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ በኩል "የሀሊማ አባት፣ ያን መክደኛ ያለውን ዕቃህን እንዳትረሳ" አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«አየኝ። ከዚያ ሹፌሩን አስቁሞ ወረደ። እቤት ስንደርስ፣ "እዚያ የአባቴን ስም የሚጠራ ሞልቷል፤ አፉን የሚይዝለት ግን አንተ ብቻ ነህ" አለኝ።» ፈገግታና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። «አንተ ብቻ ነህ! አንቺ ማለትን እስኪሞት አልለመደም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ የቦኖሻ ሰዎች ደረሱ። መንገዱ በጭቃ ተይዞባቸው ነው የቆዩት። ከፊት የነፊሳ ወንድም ሁሴን አለ። ድንኳኑ ደጃፍ ሲደርሱ ቆሙ። ወጉ ሟቹን ከነአባቱ እየጠሩ መግባት ነው፤ እነሱ ግን የሚጠሩት የላቸውም። አቶ ዳኘም መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ከወዲያ በኩል መጡ።

ሀሊማ መሃል ገባች። ሴት ልጅ በወንዶቹ ድንኳን መሃል ቆማ ስትናገር ያልወደዱ ነበሩ፤ አላየቻቸውም።

«የአባቴ ስም ሰይድ ሳሊህ ነው» አለች።

«ጥሩ» አሉ አቶ ዳኘ። «ምስክርሽስ?»

«እርስዎ።»

«እኔ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ ዳኘ። እናቴ ሰ፣ ሱ፣ ሲ ብላ አፏን ስትዘጋ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ነበር። ሦስት ጊዜ አይተዋል። ለዚህ ብለውም ወረቀት ከልክለዋታል። እዚህ ያላችሁትም ሁላችሁ ሰምታችሁ ስቃችኋል። እኔም አፍሬያለሁ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሳሙና፣ ሳር፣ ሳምንት ያላለችው ለማን ይመስላችኋል? ለሌለ አማት አፉን የሚይዝ ሰው ታውቃላችሁ?»

መጀመሪያ የተነፈሰችው ከሴቶቹ በኩል ጵርስቅላ ናት። «ወይኔ ጌታዬ! እኔ እኮ አማርኛ የማትችል መስሎኝ... ሳሙና በይ እያልኩ...» ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። «ከእንግዲህ ብርስቅላ የሚለኝስ ማን ነው?» ብላ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ሁሴን ወደ ፊት መጣ። «ሟቹ አባታችን በኒካው ቀን ሰምቶታል፤ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። የእህቴን አፍ ግን አውቀዋለሁ። ለአባታችን ስትል እንኳ ውሸት አልተናገረችም።»

አቶ ዳኘ ቁጭ አሉ። ኮታቸውን ደባበሱ። «እናቴ ለአያቴ እንዲህ ነበረች» አሉ ቀስ ብለው። «እስክትሞት። እኔ የሷ ልጅ ሆኜ፣ ነፊሳ ፊቴ ተቀምጣ ሳን ስትዘል እንዴት አላወቅኩም?» መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ገለጡ፤ «እንግዳ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰረዙት። ከዚያ ብዕራቸውን አንስተው ተቸገሩ። «ሳሊህ በእሳቱ ሰ ነው ወይስ በንጉሡ ሠ?»

«ሁለቱንም ዘልላቸዋለች» አለች ሀሊማ። «በፈለጉት ይጻፉት።»

ሳቅ ተሰማ፤ ለቅሶ ቤት የሚሳቅ ዓይነት፣ አጭር ሳቅ። ሁሴን ሰዎቹን ይዞ ወደ ደጅ ተመለሰ። ከዚያ እንደ አዲስ ገቡ፣ በአንድ ድምፅ «ሰይድ! የሳሊህ ልጅ ሰይድ!» እያሉ። ድምፁ ቤት ውስጥ ሲደርስ ነፊሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አንገቷን ደፋች። ሀሊማ በመስኮቱ አየቻት። ሦስት ቀን ያላለቀሰችው ሀሊማ ካስማው አጠገብ ቁጭ አለችና አለቀሰች፤ ያዟት፣ አልቻሏትም።

ድንኳኑ የተነሳው በሦስተኛው ቀን፣ ከአስር ሰዓት በኋላ ነው። ሀሊማ ገመዱን ራሷ ፈታች። የመጨረሻው ለቀስተኛ ሲሄድ ከፊት ለፊት ወዳለችው ክፍል የአባቷን የስፌት መኪና ልትሸፍን ገባች። መርፌው ሥር ያልተጨረሰ የሰው ሱሪ አለ። ከጎኑ አባቷ ጨርቅ የሚያሰምርባት ደረቅ ሳሙና፣ ተፍቃ ተፍቃ እንደ ጥፍር የሳሳች። የአውራ ጣቱ ምልክት አለባት።

ይዛት ወደ እናቷ ሄደች።

«እማ» አለች፣ «አረፋው።»

ነፊሳ ቀና ብላ ልጇን አየቻት። በሁለት እጇ ተቀበለቻት፤ የነጠላዋ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ጠቀለለቻት፣ ሁለት ጊዜም ቋጠረቻት።