ትንሹ ይበቃኛል

እናታችን ወይዘሮ አልጋነሽ በመሣሪያ ተለክታ ወደ ቁጥር የተቀየረችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሲመሻሽ በባጃጅ ይዘናት ወደ ቤት ተመለስን። ከባጃጁ ወርዳ ደጃፉ ላይ ታየች፤ ቀጥሎ መደቡ ላይ ተቀምጣ ታየች። በደጃፉና በመደቡ መካከል አልነበረችም። እህቴ ስመኝ ይህን አየች። በሩን ዘጋችና መብራት አበራች።

ልቧ ደክሞ ነበር። ሐኪሞቹ ክረምቱን አትዘልቅም ብለውናል። ለራሷ ቢሆን ኖሮ «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብላ ትሄድ ነበር፤ ያስቀየርናት ለአባታችን ስንል ነው። አባታችን አቶ ሽታሁን ዓይነ ስውር ነው። እኛ ከመወለዳችን በፊት ጀምሮ የሚያየው በእሷ አፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ጦሳ ተራራ ላይ ጉም መውረድ አለመውረዱን በጆሮው ትነግረዋለች። ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም አጠገቡ ተቀምጣ ማን እንደገባ፣ ማን ምን እንደለበሰ፣ የትኛው ከልቡ እንደሚያለቅስና የትኛው ዓይኑን በነጠላ ጋርዶ እንደሚያስመስል ታንሾካሹክለታለች። ሰዎች «እነዚህ ባልና ሚስት ያሙናል» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ድምፅዋ ግን ከእሱ ጆሮ አልፎ አያውቅም።

ሰው የሚቀየርበት ቢሮ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ባለሙያው አቶ ኢያሱ ይባላል፤ ረጋ ያለ፣ ሰው አክባሪ ነው። የሚመረጡት ነገሮች ሁለት መሆናቸውን አስረዳን። አንደኛው፣ መሣሪያው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያያት ነው፤ በአንዱ እይታና በሚቀጥለው መካከል የምታደርገው ነገር አይያዝም። ሁለተኛው፣ በእያንዳንዱ እይታ የታየው በስንት ደረጃ እንደሚለካ ነው። ደረጃዎቹ ጥቂት ከሆኑ እያንዳንዳቸው ትልልቅ ይሆናሉ፤ የመጀመሪያውን ደረጃ ያልደረሰ ነገር ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። ስመኝ የትኛው ቢበዛ እንደሚሻል ጠየቀችው። ሁለቱንም ማብዛት እንደሚቻል፣ ለማንም የፈለገውን ያህል እንደሚሰጥ፣ ምርጫው ግን የእሷ የራሷ ስለሆነ እኛ ውጭ መቆየት እንዳለብን ነገረን። ወጥተን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

እናታችን በሕይወቷ አንድም ነገር በመጀመሪያው ጥያቄ ተቀብላ አታውቅም። በኛ ዘንድ የመጀመሪያው «በቃኝ» እንደ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። ሰው የሚፈልገውን የሚናገረው «በሞቴ» ተብሎ ሲለመን ነው። አቶ ኢያሱም ቤቱ እንግዳ ሲመጣ እንደዚሁ እንደሚለምን አልጠራጠርም። ቢሮ ውስጥ ግን የሚጠየቀው አንዴ ነው። ኋላ ራሱ እንደነገረን፣ ስንት እንደምትፈልግ ጠየቃት።

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ለኔ ትንሹ ይበቃኛል» አለችው።

ትንሹን ሰጣት፤ ከሁለቱም።

እኔ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ድሮም አልወደውም ነበር። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ግን ልክ እንደ ሰው ነው የምጠላው፤ መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም አልለውም።

በማግስቱ እናታችን እንዝርቷን አነሳች። ድሮ እንዝርቷ ሲሾር ዓይን አይከተለውም ነበር። አሁን በዝግታ፣ ወደ ኋላ ይሾር ጀመር። ክሩ ከልቃቂቱ እየተፈታ ተመልሶ ባዘቶ ሆነ። ከሰዓት በኋላ እግሯ ሥር ጥጥ ተከምሮ ነበር፤ ስመኝ ሰብስባ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። ፈገግታዋ ወይ አለ ወይ የለም፤ ሲመጣና ሲሄድ አይታይም። ስታስል ሳሏ ሙሉ ሆኖ ይሰማል። ዶሮ ስታባርርም ይሰማል።

አባታችን አጠገቧ ተቀምጦ ጆሮውን ሰጣት።

«ጦሳ ዛሬ እንዴት ነው?» አላት።

ከንፈሯ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። ምንም አልተሰማም። እሱ ጆሮውን እንደሰጠ ቆየ። ድምፅዋን ትንሽ ከፍ እንድታደርግ ለመንናት፤ ባሏ ላይ ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር ስለሆነባት ራሷን ነቀነቀች። ራት ሲቀርብ አባታችን እጁን አልታጠበም።

«አልጋዬ ተቀይማኛለች» አለን። «ምን እንዳደረግኋት ጠይቁልኝ።»

የደረጃዎቹን ነገር አስረዳነው። አዳመጠ፤ ግን ዋናው የገባው ነገር ከእንግዲህ ጦሳን እንደማያየው ነው። ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲታወር ያየሁት ያን ቀን ነው። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

ሰኞ ከስመኝ ጋር ወደ ቢሮው ሄድን። አቶ ኢያሱ ከልቡ አዘነ። አንዴ የተለካ ሰው ዳግመኛ እንደማይለካ፣ ድምፅዋን በማጉያ ማጉላትም እንደማይረዳ፣ ባዶ ነገር ቢጎላ ያው ባዶ እንደሆነ ነገረን። የእንዝርቱን ጉዳይ ስናነሳለት የሚያጋጥም ነገር መሆኑን አረጋገጠልን። ከመሣሪያው እይታ የፈጠነ ነገር ሌላ ነገር ሆኖ ይመጣል፤ የሚመጣው ያልነበረ ነገር ነው፣ ቢሆንም ይታያል። እንድንለምደው መከረን። ከዚያ ጥቂት አሰበ።

«ጫጫታ ጨምሩላት» አለ።

ሹክሹክታዋ ብቻውን የመጀመሪያውን ደረጃ አይደርስም። ዙሪያዋን የማያቋርጥ ጫጫታ ካለ ግን ጫጫታው ተሸክሞ ከፍ ያደርገዋል፤ አልፎ አልፎ ደረጃውን ይረግጣል።

«ዝናብ ይሆናል?» አለችው ስመኝ።

«ቆርቆሮ ላይ ከሆነ ጥሩ ነው።»

ዝናቡ ሰኔ እንደገባ መጣ። ቆርቆሮው መጮህ ሲጀምር አባታችን እየዳበሰ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዝናቡ ድምፅ ውስጥ የእሷ ድምፅ ወጣ። የተቦጫጨቀ ነበር፤ ግን የእሷ ነው። እኔና ስመኝም ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱ የምትነግረውን ሰማን።

«ጦሳ አይታይም፣ ጉም ወርዶበታል» አለችው። «ልጆችህ በሩ ጋ ቆመዋል። ስመኝ ታለቅሳለች። ወንዱ እንዳላለቀሰ ሰው ግድግዳውን ያያል።»

አባታችን ሳቀ። ከሐሙስ ወዲህ ስቆ አያውቅም ነበር። እጇን ፈልጎ ያዘ፤ መያዝ የሚቻለውን ያህል ያዘ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

«እንግዶቹ ግን አልተቀመጡም» አለችው።

«የምን እንግዶች?»

«እነዚህ ናቸዋ፣ በመካከል ያሉት። ቤቱን ሞልተውታል። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። ፊታቸው ወደ አንተ ነው።»

እኔና ስመኝ ቤቱን አየን። ከአራታችን በቀር ማንም አልነበረም። የት እንደቆሙ ስመኝ በቀስታ ጠየቀቻት። እናታችን ለእኛ አልመለሰችልንም፤ ድሮም የምታወራው ለእሱ ብቻ ነው።

ይበቃሃል፣ ተነሥ እንሂድ ብዬ የአባቴን ክንድ ያዝኩ። እጄን በትሕትና ከክንዱ ላይ አነሳው። ዓይኑን ዳግመኛ ያገኘ ሰው ነው፤ ባሳየችው ነገር ሊጣላት አልፈለገም። ጋቢውን አስተካክሎ ብድግ አለ።

«ኖር» አለ ወደ ባዶው ቤት።

«በእግዜር ይሉሃል» አለችው እናታችን። «ደክሟቸዋል።»

አባታችን ተቀመጠና ቦታ ሊለቅላቸው ጠጋ አለ። ቆርቆሮው ላይ ያለው ድምፅ እየሳሳ መጣ፤ ዝናቡ አባራ። የእናታችን ከንፈር አላቆመም፤ አባታችንም እንደሰማ ሰው ራሱን እየነቀነቀ እንደገና ጠጋ አለ። አጠገቡ፣ መደቡ ላይ የተነጠፈው አጎዛ ፀጉር ሰው እንደተቀመጠበት በሰው ልክ ተኛ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ተኛ፤ ከዚያም ሌላው። አባታችን አሁን የመደቡ ጠርዝ ላይ ደርሷል፤ አሁንም እየተጠጋ ነው።