በወረንጦ የሚጎርሰው ሸርጣን

ሟች ባለቤቴ ትታልኝ በሄደችው የመስታወት የዓሣ ገንዳ ውስጥ እስከ ዛሬ በሕይወት የቀረው፣ በገዛ እጇ ድንጋይ ላይ ያጣበቀችው አንድ ሐምራዊ ኮራል፣ እንደ አበባ የሚያድግ የባሕር እንስሳ፣ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን አተር የሚያካክል፣ ድቡልቡል አረንጓዴ አልጌ ዙሪያውን ከብቦ ያንቀው ጀመር። የጌጥ ዓሣ ነጋዴው ፍሬዎቹን እንዳላፈርጣቸው አስጠነቀቀኝ፤ ከፈረጡ ዘራቸው በውኃው ሁሉ ይበተናልና።

«ለዚህ መድኃኒቱ አረንጓዴ ሸርጣን ነው፤ ሙልጭ አድርጎ ይበላልዎታል» ብሎ አንድ ሸጠልኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከገንዳው ፊት ወንበር ስቤ ጠበቅሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ትምህርት ቤት ያስተዳደርሁ ሰው ነኝ፤ ሰነፍ ተማሪ አጥቼ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም። አልጌውን ተደግፎ፣ አንዲት ፍሬ እንኳ ሳይነካ ይውላል። ሰው ሲቀርብ ግን ሮጦ መጥቶ መስታወቱን ይቧጥጣል።

ወደ ነጋዴው ተመለስሁ።

«የሸጥህልኝ ሸርጣን ሥራ አይሠራም።»

«አባባ፣ የጠገበ ሸርጣን አልጌ አይነካም። ማን እያበላው ነው?»

«በእኔ ቤት ያለ ፈቃዴ ማንም ማንንም አያበላም!»

«እንግዲያው ሦስት ሳምንት አየር ጎርሶ ኖረ ማለት ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ቤት ስገባ፣ አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ገንዳው ላይ አጎንብሳ፣ የሽሪምፕ ሥጋ ቁራጭ በጣቷ ይዛ፣ «ና የኔ ጌታ፣ ቶሎ ጉረስ፤ ሰውየው ሳይመጣ» ትላለች።

«አንቺ ነሻ!»

ቁራጩ ከእጇ አመለጠ፤ ከሸርጣኑ ግን አላመለጠም።

«ጋሼ፣ እጁን ዘርግቶ እየለመነኝ እንዴት አልፌው ልሂድ? ደግሞ በቀን አንዴ ብቻ ነው።»

«አንዴ?»

«እ... ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ።»

«የባለቤቴ ኮራል እየሞተ!»

«እሱስ ልክ ነዎት። ግን እሑድ ዕለት ከሳህንዎ ዓሣ ሲጥሉለት አላየሁዎትም?»

«እሱ ለሙከራ ነበር» አልሁ። ጆሮዬ ጋለ።

ከዚያች ዕለት አንሥቶ ምግብ ከለከልነው። በአምስተኛው ቀን ወደ ኮራሉ አመራ። «ተመስገን!» ብዬ ሳልጨርስ፣ አልጌውን ተሻግሮ የኮራሉን ጫፍ ቆነጠረ። ክንዴን ከነእጅጌዬ ነክሬ አባረርሁት። ከንዴቴ ብዛት አንዱን የአልጌ ፍሬ እኔው በወረንጦ ነቅዬ ላወጣ ስል፣ ያ ጉድ ተከትሎኝ መጥቶ ነጠቀኝ። በላው። ሁለተኛውንም ነቅዬ ሰጠሁት፤ በላ። ሦስተኛውን ራሱ ይንቀል ብዬ ብተውለት ግን፣ ዞሮም ሳያየው መስታወቱን መቧጠጥ ጀመረ።

እነሆ አሁን በየማለዳው መነጽሬን አጥልቄ፣ ክራባቴን በሸሚዜ ውስጥ ሸጉጬ፣ አንድ በአንድ አጎርሰዋለሁ። የኮራሉ ግማሽ ጎን ከአልጌው ጸድቷል።

«ጋሼ» ትለኛለች እህቴ በሩን ተደግፋ፣ «ዛሬ ፊቱ ጠቁሯል፤ ሽሪምፑ ናፍቆት ይሆን እንዴ?»

«ዝም በይና መብራቱን ወደዚህ አቅርቢልኝ። ገና ብዙ ይቀረዋል።»