ሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ በስተግራ

ኮቱ አልቆለፍ አለ። ማልሱን ትንፋሿን ውጣ፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ እንደገና ብትሞክርም ክሩ ሊበጠስ ደረሰ እንጂ ሦስተኛው ቁልፍ ከቀዳዳው አልገናኝ አለ።

«ለእሷ ትልቁን ቁጥር ስጧት እንጂ» አለች ኢንጃ ከመስታወቱ ፊት ሳትነቃነቅ። «የወጥ ቤት ሰው እኮ ናት፤ ስትቀምስ ነው የምትውለው።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ማልሱንም አብራ ሳቀች። አሥራ አራት ነበሩ። ሁሉም ዘንድሮ ስድሳ የደፈኑ፣ ገሚሶቹ የልጅ ልጅ ያዩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴቶች ናቸው። እነዚህ ሴቶች በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ዩኒፎርም ለመልበስ ይታገላሉ፤ ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ጉርድ ቀሚስ፣ ነጭ ኮሌታ። ስድሳ መድፈን ድሮ በቤት ድግስ ይከበር ነበር። አሁን ግን በጥንታዊቷ የኮሪያ ከተማ በግዮንግጁ ለዚህም ነጋዴ ተገኝቶለታል፤ አሮጊቶችን እንደ ድሮው አልብሶ በልጅነታቸው የሄዱትን የትምህርት ቤት ጉዞ እንደገና ያስኬዳቸዋል። ጥር ላይ ይሁን ብላ የቆረጠችው ኢንጃ ናት። በጥር ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ከተማዋም ጭር ትላለች፣ ዋጋው ግን ግማሽ ነው። ኢንጃ ያኔ የክፍሉ አለቃ ነበረች፤ ከአርባ አምስት ዓመት በኋላም ከሥልጣኗ ያወረዳት የለም።

ማልሱን ከዚህ በፊት በክፍሉ ስብሰባ ላይ ተገኝታ አታውቅም። ዘንድሮ ግን ኢንጃ ራሷ ደውላ «አንቺ ከሌለሽ አይሞላም» ስትላት እሺ አለች። ምግብ የምታበስልበት ትምህርት ቤት በብርዱ ወራት ሲዘጋ ወጥ ቤቱም ደሞዟም አብረው ስለሚዘጉ ቤት ነበረች። ባሏም አልከለከላት፤ «ሂጂ እንጂ፣ አንዴ ያየሽውን አገር ደግመሽ ብታዪው ምን አለበት» አላት። አንዴ ያየሽው ያለው ነገር ግን እውነት አልነበረም። ማልሱን ግዮንግጁን አይታ አታውቅም።

ያን ጊዜ አባቷ የከሰል ማዕድን ሳንባውን በልቶት አልጋ ይዞ ነበር፤ የጉዞው ክፍያ ጉዳይ ቤት ውስጥ አልተነሳም። ክፍሉ ለሦስት ቀን ግዮንግጁ ሲሄድ እሷና ያልከፈሉ ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት ቀርተው የመተላለፊያውን የእንጨት ወለል በሻማ ሰም ሲወለውሉ ሰነበቱ። ክፍሉ ሲመለስ አጠገቧ መጥታ የተቀመጠችው ቦክናም ብቻ ነበረች። የቦክናም እናት የሰው ልብስ አጣቢ ናት፤ ክፍያውን የሸፈነላት አንድ አጎቷ ነው። ስጦታ መግዣ ሳንቲም ስላልነበራት፣ እዚያ የታደላትን ቀይ ባቄላ የተሞላ ትንሽ ዳቦ ግማሹን ሳትበላ በወረቀት ጠቅልላ ይዛላት መጣች። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ቦክናም ዳቦውን እየሰጠቻት ስለ ጉዞው ሁሉ ነገረቻት። ሃያ ልጅ የተኛበትን ክፍል፣ አጠገቧ የተኛችው ሰንሂ ሌሊቱን ሙሉ ስትራገጥ ማደሯን፣ ፎቶ የተነሱበትን የድንጋይ ደረጃ፣ ምንም አላስቀረችም።

«እንግዲህ አንቺም ሄደሻል» አለቻት ስትጨርስ። «የሚጠይቅሽ ቢኖር አዎ በይ።»

ማልሱን አዎ ስትል ኖረች። ለባሏ አወራች፣ ለልጆቿ አወራች፣ በየጊዜውም ከራሷ ትንሽ ትንሽ እየጨመረች አሳመረችው።

ዛሬ ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ ሰንሂ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሰንሂ የሱቅ ባለቤት ልጅ ነበረች፤ አሁን ሴኡል ውስጥ የራሷ መድኃኒት ቤት አላት። ትከሻዋ ላይ ደገፍ ብላ፣ ያኔ ከጎኔ የተኛሽው አንቺ ነበርሽ አይደል ብላ ጠየቀቻት። ማልሱን አይደለሁም ማለት ነበረባት። ግን ከዚያ ክፍል ሰው እንዲህ ተጠግቶ ጠይቋት አያውቅም።

«እንዴት እረሳዋለሁ» አለች። «ስትራገጪኝ አይደል ያደርሽው?»

ሰንሂ ጭኗን እየመታች ሳቀች። ከፊት ያሉትም ዞረው «ማልሱን ታስታውሳለች!» ተባባሉ፤ አንዷ ብርቱካን ላጠችላት፣ ሌላዋ ብርድ ልብሷን አካፈለቻት። እስከ ግዮንግጁ ድረስ ከእሷ የበለጠ ደስተኛ ሰው አውቶቡሱ ውስጥ አልነበረም።

ዩኒፎርሙን ለብሰው ምሳ የገቡበት ቤት ከእነሱ ሌላ እንግዳ አልነበረውም። ባለቤቷ ወለሉን ያሞቀችው የአንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ክፍሎች ተዘግተዋል። ማልሱን እንደ ልማዷ ማባያውን በዓይኗ ገመገመችው። ጎመኑ ጨው በዝቶበታል፣ ዓሣው የትናንት ነው። ግን ምንም አልመሰላትም፤ ሩዙን በቅጠል እየጠቀለለች ከሁሉም ጋር በላች። የሩዝ ጠላው ሁለት ሦስት ዙር ከዞረ በኋላ ኢንጃ ብርጭቆዋን ይዛ ቆመች። ስድሳ ዓመት ማለት ሰው ልቡን የሚያጥብበት ነው፣ ሰንሂም አንድ የምትለው ነገር አላት አለች። ሰንሂ እጇን ሰዳ የማልሱንን እጅ ያዘች።

«ስለ ሰዓቱ ነው» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «ልጆች ነበርን። እኔ ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ አይክበድሽ።»

«የምን ሰዓት?»

«ተይ እንግዲህ ማልሱን» አለች ኢንጃ። «ማንም አያስርሽም።»

ሰዓቱ ለሰንሂ የገዛ አባቷ የገዛላት የእጅ ሰዓት ነው፤ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ባደሩበት ሌሊት ከትራሷ ሥር ጠፍቶ ሳይገኝ ቀረ። ይህን ማልሱን ከቦክናምም ሰምታዋለች። ያልሰማችው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ክፍሉ በየዓመቱ ሲሰበሰብ ወሬው ይነሳል፤ መጀመሪያ ሌባው ስም አልነበረውም።

«ወይ ማልሱን ናት ወይ ቦክናም ስንባባል ነው የኖርነው» አለች ኢንጃ። «ዛሬ አንቺው በአፍሽ ከሰንሂ ጎን ነበርኩ ስትዪ ለየለት። በማመንሽ ደስ ብሎናል።»

ማልሱን የጠቀለለችውን ሩዝ ሳህኑ ላይ መለሰችው። እኔ እኮ አልሄድኩም ልትል ፈለገች፤ ታዲያ የጠዋቱን ምን ልታደርገው ነው? ብርቱካኑን ተልጦላት በልታለች፣ ብርድ ልብሱን ለብሳለች። ከሌባና ከውሸታም አንዱን ምረጪ የተባለች መሰላት። እሷ ዝም ስትል እነሱ ዝምታዋን እንደ ንስሐ ቆጠሩላት፤ ሰንሂ አቀፈቻት፣ ከወዲያ በኩል ያለችው እንባዋን ጠረገች፣ ጠላ ተቀዳላት። ከስድቡ ይልቅ ያቃጠላት ይቅርታው ነው። ሌባውን ሲፈልጉ ምስክር እንዳልጠየቁ ገብቷታል። ያኔ ጫማው የተቀደደው የማን ነበር፣ ምሳ ሳህኑ ገብስ ብቻ የሚይዘው የማን ነበር? እሱን አስታውሰው ነው ሁለት ስም ያገኙት። በአርባ አምስት ዓመት ውስጥ ግን እሷ አብራቸው አለመሄዷን እንኳ ያስታወሰ አልነበረም።

ያኔ ፎቶ ወደተነሱበት ቤተ መቅደስ በአውቶቡስ ሲሄዱ፣ ማልሱን ኢንጃ በትልቁ ያሳተመችውን የድሮውን የክፍል ፎቶ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች ፊቱን ሁሉ አንድ በአንድ አየች። የለችም፤ ልትኖርም አትችልም። ሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ በስተግራ ጫፍ፣ ቦክናም አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ ቆማለች። ካሜራው ሲያነሳ ስለተንቀሳቀሰች ፊቷ ደብዘዝ ብሏል። ማልሱን መነጽሯን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ምስክር አገኘሁ አለች በልቧ። እፊታቸው ላይ ትናገረዋለች፤ ውሸታም ካሏትም ይበሉ።

ከቤተ መቅደሱ በር በታች ያለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ከእነሱ በቀር ሰው አልነበረም። ነፋሱ ጉርዳቸውን ያውለበልባል። አስጎብኚያቸው አቶ ማ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፊሽካና ዱላ ይዞ የድሮ ጥብቅ መምህር ሆኖ ሲተውን ነው የዋለው። አሁን ፎቶውን እያየ እያንዳንዷን ያኔ በነበረችበት ቦታ ያቆማቸዋል። «ተማሪ ኢንጃ፣ መሃል! ተማሪ ሰንሂ፣ አራተኛው ደረጃ፣ ፈጠን!» እያለ አሥራ ሦስቱን ካስያዘ በኋላ ማልሱን ብቻዋን ከታች ቀረች።

«እትዬ ማልሱን፣ የእርስዎን ቦታ ግን አላገኘሁትም» አለ ትወናውን ትቶ።

ኢንጃ ወርዳ ጣቷን ከደብዛዛው ፊት ላይ አሳረፈች። «ይቺውና። ያኔም አርፋ ቆማ አታውቅም።»

«እሷ እኔ አይደለሁም» አለች ማልሱን። ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። «ቦክናም ናት። አንገቷን አታይም? እኔ እዚህ ፎቶ ላይ የለሁም።»

ኢንጃ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየችው። ማልሱን የሚቀጥለውን ቃል አፏ ላይ አዘጋጅታ ጠበቀች። ያን ቀን ወለል ስወለውል ነበር ልትላቸው ነው።

«ውይ፣ እውነቷን ነው፤ ቦክናም ናት» አለች ኢንጃ። ከዚያ ወደ ላይ ዞረች። «ሰንሂ፣ ሰማሽ? እንግዲያው ያኔ አጠገብሽ የተኛችው ቦክናም ናት። ሰዓቱን የወሰደችው እሷ ናታ!»

«እኔም እኮ ውስጤ እሷን ይል ነበር» አለች ሰንሂ ከአራተኛው ደረጃ ላይ። «እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ... ከየት ታምጣ? ነፍሷን ይማር፤ ይቅር ብያታለሁ።»

ከዚህም ከዚያም «ነፍሷን ይማር» ተባለ። አንዷ ማልሱንን፣ በከንቱ ጠረጠርንሽ፣ ነይ ውጪ ብርዱ ሊገድለን ነው አለቻት። ሌብነቱ ከአንዷ ድሃ ወደ ሌላዋ ድሃ ለመሻገር አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

ቦክናም ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው። ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ኖራ እዚያው ሆስፒታል ሞተች። ከዚህ ክፍል ቀብሯ ላይ የተገኘችው ማልሱን ብቻ ናት። የሦስት ቀን ጉዞ አድርጋ ግማሽ ዳቦ ይዛ የተመለሰች ልጅ ነበረች። ማልሱን ይህን ልትነግራቸው አሰበች። እሷም አይደለችም ብትላቸው ግን ታዲያ ማን ነው ማለታቸው አይቀርም፤ ያኔ እርስ በርስ መተያየት ሊኖርባቸው ነው። እነዚህ ሴቶች ደግሞ ለዚያ አልመጡም። ዛሬ ካልሆነ በሚመጣው ዓመት፣ እሷ በሌለችበት፣ ወሬው መሬት ውስጥ ወዳለችው ወደ ቦክናም ይመለሳል። ማልሱን እንዲህ ተናዳ አታውቅም፤ ንዴቷ ግን መውጫ አልነበረውም።

«ቆይ እስቲ፣ አምጪው» አለች። መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገችና ፎቶውን ከኢንጃ እጅ ወስዳ ቀና አድርጋ ያዘችው። ጣቶቿ በብርዱ ደንዝዘዋል።

«ተሳስቻለሁ» አለች። «ያለ መነጽር አይታየኝም። ይቺ እኔው ነኝ።»

«አሁን ቦክናም ናት አላልሽም?» አለች ኢንጃ።

«ቦክናም ያኔ አልሄደችም። ክፍያው አልሞላላትም። ትምህርት ቤት ቀርታ ወለሉን በሻማ ሰም ስትወለውል ነው የሰነበተችው።» ማልሱን ፎቶውን ለአቶ ማ መለሰችለት። ከዚያ ወደ ሰንሂ ቀና አለች። «ሰዓትሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ማ ዓይኑን ዱላው ላይ ተከለ። ሰንሂ ደግሞ እጇን ወደ ታች ዘረጋችላት፤ ፊቷ ላይ ያለው እፎይታ ነበር።

«ነይ በቃ» አለቻት። «አልፏል አልኩሽ እኮ።»

ማልሱን የተዘረጋላትን እጅ ሳትይዝ ደረጃውን ወጣች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በስተግራ ጫፍ ሄዳ ቆመች። ሦስተኛው ቁልፍ አሁንም ክፍት ነው፤ በእጇ ሸፈነችው። አቶ ማ ፊሽካውን ነፍቶ የዛሬ አርባ አምስት ዓመት እንደነበራችሁ ሁኑ፣ ማንም እንዳይነቃነቅ አላቸው። ሁሉም ቀጥ አሉ። ማልሱን አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገች፤ እስኪጨርስም አላቃናችውም።