ብርድ ልብስ ያዡ

ዳቦ ጋጋሪው ብርድ ልብሱን እንደ ሊጥ ወደ ራሱ ሳብ ሲያደርገው መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ አንስታ ስባሪውን በጣቷ ጫፍ እየፈለገች፣ እንዳይከፋው ብላ፣ መርፌው ድሮም አሮጌ ነበር አለችው። ገና አዲስ መርፌ ነው። ጋጋሪውም አላመናትም። የጨርቁን ጥቅል እንዳቀፈ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ እጄ የለመደው መጎተት ነው እኮ፣ ምን ላድርግ አላት። ደግ ጎረቤት ነው፣ ማንም አይክደውም፤ ብርድ ልብስ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ወዲያ ሳሎኑ ለቅሶ ሊደርሱ በመጡ ሰዎች ተሞልቷል። ሻይ ይቀዳል፣ ወንበር ይጎተታል፣ አንዱ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ሲወጣ ሌላው ይገባል። የሞተው የሰፊዋ ባል ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ተሳፋሪ ሲሳፈርም ሲወርድም «ቀስ በሉ» ማለት ስለሚያበዛ፣ ሰፈሩ ስሙን ትቶ ቀስበሉ ይለው ነበር። ሞቱ ግን ቀስ አላለም፤ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ባሏን ቀብራ ሳይውል ሳያድር ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠች ሴት ምን እንደሚባልላት የታወቀ ነው። ተባለላትም። አንዷ ሐዘኑ ራሷን አዙሯታል አለች፤ ሌላዋ ደንበኛ አስቸኩሏት ይሆናል አለች። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት፣ ግን ሰፊዋ የምትሰማውን ያህል ብቻ ነው ዝቅ ያደረጉት። እሷ ለነሱ ወሬ ደንታም አልነበራት። ያስጨነቋት እትዬ ነበሩ።

እትዬ የሟቹ ታላቅ እህት ናቸው። ብርዱ ከሚጠናበት ሩቅ ከተማ ለቀብሩ መጥተው ሶፋው ጥግ ላይ፣ ጀርባቸውን ሳያስደግፉ፣ ተቀምጠዋል። ሰው ፊት አላለቀሱም። መኪናዋ ጠርርር ባለች ቁጥር ግን ወደ አፋቸው የሚወስዱት ብርጭቆ መንገድ ላይ ይቆማል። ብርድ ልብሱ የእሳቸው መሆኑን አያውቁም። ሰፊዋ ደግሞ እሳቸው ወደ አገራቸው ከመሳፈራቸው በፊት ጨርሳ በእጃቸው ልታስይዛቸው ቆርጣለች። በዚያ ዕድሜ ያን መንገድ ዳግመኛ አይመጡትም። በፖስታ መላክ ይቻላል፣ እሱማ ይቻላል፤ ግን ባሏ ያሰበው እንደዚያ አልነበረም።

ችግሩ መኪናዋ ናት። ሱሪ ለማሳጠርና የተማሪ ዩኒፎርም ለመስፋት የተገዛች ተራ የቤት መኪና ናት፤ ከክንዷ ሥር ያለው ክፍተት አንድ ጥቅል ጨርቅ በግድ ነው የሚያሳልፈው። ከቁርጥራጭ የተጣጣፈ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ከሥሩ ገበር ያለው፣ ትልቅ አልጋ ሸፍኖ የሚተርፍ ብርድ ልብስ በዚያች ቀዳዳ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር ይሰፋል። ግማሹ ተጠቅልሎ ከክንዷ ሥር ይገባል፣ የቀረው ከጠረጴዛው ወርዶ ይንጠለጠላል። የተንጠለጠለው ይጎትታል፤ ሲጎትት ስፌቱ ይጨማደዳል፣ ካልሆነም መርፌው ይሰበራል።

ከዓመታት በፊት የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ ይዛ እንዲሁ ስትታገል ነበር ባሏ ከሥራ የገባው። የያዘውን ቁልፍ እንኳ አላስቀመጠም። በሩ ላይ ቆሞ አያትና «የቱን ልያዝልሽ?» አላት። መጀመሪያ ጎተተ፣ ተቆጣችው። ቀጥሎ ገፋ፣ ይባስ ተቆጣችው። በመጨረሻ ገባው። አይጎትትም፣ አይገፋም፤ ክብደቱን ብቻ ይወስድላታል። መርፌው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ሲቆም ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ብርድ ልብስ በተሰፋ ቁጥር ጨርቁ የእሱ ትከሻ ላይ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ወሬውን ሰምተው፣ ቤትህ ውስጥ መሪውን ማን ነው የያዘው ብለው ሊስቁበት ሞከሩ። እሱ እቴ፣ መሪው እሷ ጋ ነው፣ እኔ ጭነት ላይ ነኝ አላቸውና አረፈው።

እትዬ ግን አልሳቁም። አንድ ጊዜ ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ወንድማቸው ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ ጨርቅ ተሸክሞ ከሚስቱ ኋላ ቆሞ ሲያዩት፣ ለዚህ ነው ያሳደግኩህ አሉት። እሱ ሳቀ። ሰፊዋን ግን ነገሩ እንደ እሾህ ወጋት። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ሴቶች ነገር ከሰላምታ አልፎ አያውቅም።

ጋጋሪው ይቅርታውን እየደጋገመ ከወጣ በኋላ የሰፊዋ ልጅ መጣች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፣ አንድ ፍሬ ኪኒን የማያመልጠው እጅ አላት። የአባቷን ቦታ ይዛ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ስታደርግ ግን ፊቷን ቀበረችበት፣ መርፌው ሲሄድም አብራ አልሄደች። አልችልም እማዬ አለች። እናትየው፣ ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ሂጂ እንግዶቹን ሻይ አጠጪ ብላ ሰደደቻት።

ብቻዋን ሞከረች። ወንበር አስጠጋች፣ ትራስ ደረበች፣ ጨርቁን እላዩ ላይ ከመረችው። ስፌቱ ተጨማደደ። ፈታችው። ጣቷ ክር ሲፈታ ሐሳቧ ወደ እሱ ሄደ፤ ቁርጥራጮቹን ወለል ላይ ዘርግተው ሲመርጡ ወደነበሩበት ቀን። ግራጫውን ተይው፣ እትዬ ግራጫ ይበቃታል ብሎ ቢጫውንና ቀዩን በጉልበቱ እየተንፏቀቀ የደረደረው እሱ ነው። እናታቸው ስትሞት እትዬ ገና ልጃገረድ ነበሩ። የሰው አንሶላ እያጠቡ አሳደጉት። ቤት ውስጥ የነበረው ብርድ ልብስ አንድ ነው፤ እሱም ቢሆን ለሁለት ሰው አይበቃም።

«እኔ አይበርደኝም ትለኝ ነበር» አለ ቢጫውን ጨርቅ በመዳፉ እያስተካከለ። «አመንኳት። ልጅ ነበርኩ፣ አመንኳት።»

እስኪያልቅ እንዳትነግሪያት ብሎም አስጠነቀቃት። ካወቀች ለልጅቷ ይሁን ብላ ትታው ትሄዳለች፤ ተሰፍቶ ካለቀ ግን እኔው ራሴ አለብሳታለሁ አላት። ግማሹን ሰፍተው፣ ሊያዞሩት ሲሉ ነው የሞተው።

ቀና ስትል እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ኮታቸውን ለብሰዋል።

«ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አሉ። «ልሰነብት ነበር ያሰብኩት። አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ ይሄን ድምፅ መስማት ግን አልቻልኩም።»

ሰፊዋ ለባሏ የገባችውን ቃል አሰበች። ቃሏን ብትጠብቅ እኚህ ሴትዮ፣ ወንድሜ በሚስቱ ቤት አልተወደደም ብለው ሊሄዱ ነው። ይቅር በለኝ አለችው በሆዷ።

«እትዬ፣ የእርስዎ ነው።»

«ምኑ?»

«ይሄ። እሱ ነው ያሰበው፣ ጨርቁንም እሱ ነው የመረጠው። ሳይጨርሰው ሄደብኝ። ከመሄድዎ በፊት ላድርስልዎ ብዬ ነው እንጂ ሐዘኑ ቀሎኝ አይደለም።»

እትዬ ቀርበው ብርድ ልብሱን ዳሰሱት። ጥጡን በሁለት ጣት ጨመቅ አድርገው ውፍረቱን አዩ፣ ስፌቱን አዩ። ከዚያ ልክ ወንድማቸው እንደፈራው፣ «ለልጅቷ ይሁን» አሉ። «እኔ አይበርደኝም።»

«ይበርድዎታል» አለች ሰፊዋ። «ያኔም ይበርድዎት ነበር። ነግሮኛል።»

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። እነዚያ ሰው ፊት ያላለቀሱ ሴትዮ አለቀሱ፤ ሳሎን ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ እስኪል ድረስ አለቀሱ። ያውቅ ነበር እንዴ፣ ያውቅ ነበር እንዴ እያሉ። ሰፊዋም አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ፣ ካገባች ጀምሮ ልትለው እየፈለገች አፏ ላይ ሲቀር የኖረውን ነገር አለች።

«ስላሳደጉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሰው ነው የሰጡኝ።»

እትዬ አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣሉት፣ የቱ ጋ ነበር የሚቆመው ብለው ጠየቁ። አሳየቻቸው። አያያዙን ልታስረዳ አፏን ስትከፍት እሳቸው ጨርቁን ትከሻቸው ላይ አድርገውታል።

መኪናዋ ጀመረች። ጨርቁ ሄደ፤ አልተጎተተም፣ አልተገፋም። ዕድሜ ልካቸውን እርጥብ አንሶላ ከሰው ጋር ይዘው ሲያጥፉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው መቼ እንደሚለቅ፣ መቼ እንደሚያጠብቅ በእጃቸው ያውቁታል። ሰፊዋ ያን ጊዜ ባሏ አያያዙን ከማን እንዳመጣው ገባት። እሷ አስተማርኩት ብላ ስትመጻደቅ ነበር የኖረችው። በራሷ ሳቀች፣ እንባዋ ሳይደርቅ። ያንን ሰው ለዚህን ያህል ዓመት አጠገቧ ማግኘቷ ደስ አላት።

መስመር እያለቀ ሌላ መስመር ተጀመረ። ልጅቷ ሻይ ይዛ መጣች፣ አይታቸው ቀስ ብላ ተመለሰች። ሳሎን የነበሩት ሴቶች አንድ ሁለት ጊዜ አንገታቸውን አስግገው አዩ። አንዷ ምን ልርዳ አለች። ምንም አሏት ሁለቱም እኩል። ከመኪናዋ ክንድ ሥር ያለው ጥቅል እየቀጠነ ሄዶ ክብደቱ ሁሉ ወደ እትዬ ትከሻ ዞረ።

የመጨረሻው መስመር ዳር ደረሰ። ሰፊዋ ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናዋን እግር አነሳች፣ ክሩን በመቀስ ቆረጠች።

«አለቀ?» አሉ እትዬ ከኋላዋ። «ልልቀቀው?»

ሰፊዋ ሁለት እጇን ጨርቁ ላይ እንዳሳረፈች፣ ዞር ሳትል፣ «ትንሽ ይያዙልኝ» አለች።