ከፎቶው በታች የነበረው

ጋሽ መኳንንት መሐል ሜዳ ከተማ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው፣ አላዳመጠኝም ብለው የከሰሱት ተማሪ የለም። ክሳቸው ሁሉ በባለቤታቸው በእትዬ ጌታነሽ ላይ ነው። «ለግድግዳ ባወራ ይሻለኛል» ይላሉ።

ጡረታ ሲወጡ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፉ። ለሃምሳኛ የጋብቻ በዓላቸው፣ ልጆቻቸው ሲሰበሰቡ በየስልካቸው እንዲያነቡት ነው። እያንዳንዱን ምዕራፍ መጀመሪያ ለእትዬ ጌታነሽ ያነቡላቸዋል፤ እሳቸው ቀና ሳይሉ የበግ ፀጉራቸውን ይፈትላሉ። ከዚያ ደብተሩ እኔ ወደምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ይመጣና ተይቤ በስልክ የሚነበብ መጽሐፍ አደርገዋለሁ። የተተየበውን ደብተር ጋሽ መኳንንት ለሰሚያ ሱቅ መጠቅለያ ይሰጡታል። «ኮምፒውተር ከገባ ማን ይነካዋል?» አሉኝ። እኔም ልክ ነዎት ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ስልካቸውን ይዘው መጡ። «እየሩስ፣ መጽሐፌ ፎቶ ሲያይ ዝም ይላል።»

መነጽር እንዲቀይሩ መከርኳቸው። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ። ፋይሉን ስከፍተው ከየፎቶው በታች ያለው ጽሑፍ የለም። ለስልክ ያዘጋጀኋቸውን ሌሎቹን የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት ብከፍት ፎቶ ያላቸው ሠላሳውም እንደዚያው ናቸው። ጥፋቱ የመጽሐፍ ማዘጋጃው ፕሮግራም ነው፤ ያንን አዲሱን ፕሮግራም «ይሻላል» ብዬ የጫንኩት ግን እኔ ነኝ።

የድሮውን መልሼ ሠላሳውን ከዋናው ቅጂያቸው እንደገና አወጣኋቸው። የጋሽ መኳንንትን ዋና ቅጂ ፍላሽ ላይ አገኘሁት፣ ግን እስከ ስምንተኛው ምዕራፍ ብቻ፤ ዘጠነኛውን የተየብኩት በቀጥታ አዲሱ ፕሮግራም ላይ ነበር። ዘጠነኛው፣ የሠርጋቸው ምዕራፍ፣ ከፎቶው በታች ባዶ ነው። ሰሚያ ሱቅ ሮጥኩ። አብሽ የታሰረበት አንድ ብጣሽ ተገኘ፤ ያለበት የገጹ ቁጥር ብቻ ነው።

ቤታቸው ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ቢቆጡኝ በወደድኩ። «ያ ቃል ሁለተኛ አይመጣልኝም» አሉኝ።

«ጻፊ» አሉ እትዬ ጌታነሽ፣ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ። «‹አባቷ ደጅ ስደርስ ሚዜዬ ክንዴን ባይዘኝ ተመልሼ እሄድ ነበር...›»

ላፕቶፔን ከፍቼ ተከተልኳቸው። የጋሽ መኳንንት ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሁለት ገጽ ሙሉ አንድ ቃል አልተዛነፈም። መጨረሻው ላይ ብቻ እትዬ ጌታነሽ ቆም አሉ።

«‹በቅሎው ላይ ስትወጣ አለቀሰች› ነው የሚለው። ውሸት ነው። ያለቀሰው እሱ ነው።»

ጋሽ መኳንንት ግን የሰሙት ሌላ ነው። «ታዳምጪኝ ነበር?»

«ፈትል የሚፈልገው እጅ ነው። ጆሮዬማ ምን ሥራ ነበረው?»

«የቱን ልጻፍ ታዲያ?» አልኳቸው ጋሽ መኳንንትን።

«እሷ እንዳለችው» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ እትዬ ጌታነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ።

«ይኸው» አሉኝ፣ «አላልኩሽም?»